በእንግሊዝኛ ያልተጠራ ምግብ አይበላም

ለዛሬ የሚደክም ሰው ሞልቷል፤ ቀን የለፋበትን ማታ በልቶ ይተኛል። ለነገ የሚደክም እንደ ዕቅድ ክፍል ኃላፊው ያለ ሰው ግን ከስንት አንድ ነው። ጣሪያው ያፈሳል ሲባሉ «ይታያል»፣ ሊፍቱ ቆመ ሲባሉ «ይታያል» ይላሉ። ከዚህች ቃል ሌላ ከአፋቸው ሲወጣ የሰማ ስለሌለ፣ ሠራተኛው በታላቅ አክብሮት «አቶ ይታያል» ብሎ ሰይሟቸዋል።

ታዲያ የምክትል ሥራ አስኪያጅነት ቦታ ክፍት ሲሆን ከእሳቸው ሌላ ማን ይታሰብ? አንዲት እንቅፋት ብቻ ነበረች፤ የእንግሊዝኛ የቃል ፈተና። የፈተናው ርእስም በሰሌዳ ተለጠፈ፤ የወደፊት ጊዜ ግሥና የምግብ ስሞች። የመሥሪያ ቤቱ አርቆ አሳቢነት የሚደነቀው እዚህ ላይ ነው። የምክትል ዋና ተግባር ከውጭ እንግዶች ጋር መብላትና ለእንግዶቹ ቃል መግባት ነውና፣ ከዚህ ያለፈ እንግሊዝኛ ብክነት ነው።

አቶ ይታያል ሹመቱን አጥብቀው ይመኙት ነበር። የምክትሉ ወንበር ይሽከረከራል፤ የእሳቸው ግን አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን ተደግፎ ነው የቆመው። ስለዚህ በዚያው ምሽት ቤተሰቡን እራት ላይ ሰብስበው አዋጅ አወጁ።

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት በእንግሊዝኛ ያልተጠራ ምግብ አይበላም። ሕጉ ለማንም አይላላም፤ ለእኔም ጭምር።»

ባለቤታቸው ሳህን እንደያዘች ቆመች።

«ድንች ምን ይባላል?»

«ይታያል።»

ድንቹ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰ። ሩዙም ተከተለው። አፋቸው ላይ የተገኘችው ብቸኛ ቃል «ኤግ» ስለነበረች አቶ ይታያል እንቁላል በሉ። በማግስቱም እንቁላል በሉ። ነፍሳቸው የምትወደው ዓሣን ነበር፤ ግን ስሙን ልጃቸው ማታ ትነግራቸዋለች፣ ጠዋት ይጠፋባቸዋል።

ከሁሉ የተፈራው ለአማታቸው ነበር። እንግሊዝኛ የሚባል ነገር በደጃቸው አልፎ አያውቅምና በረሃብ ሊያልቁ ነው ተባለ።

«እንግዲህ እኔ መሃይም ነኝ» አሉ አማትየዋ በሐዘን፤ «ኬክ ካለ እንኳ ትንሽ አቅምሱኝ።»

«እማማ፣ ኬክ እኮ እንግሊዝኛ ነው» አለች የልጅ ልጃቸው።

«ተይ እንጂ! የኛ መስሎኝ። አይስክሬምስ?»

ከዚያ ወዲያ አማትየዋ በሳንድዊች ጀምረው በቸኮሌት መደምደም ያዙ። ሕግ ሕግ ነው፤ አቶ ይታያል እንቁላላቸውን እየላጡ በጨዋ ደንብ ይመለከቷቸዋል።

የግሡ ነገር ደግሞ የባሰ ሆነ። በእኛ ቋንቋ «እጠግነዋለሁ» ያለ ሰው፣ ቆርጦ ይበለው ለመገላገል ይበለው፣ ማንም አያውቅበትም። እንግሊዝኛ ግን ገበና አይሸፍንም።

«አባዬ» አለች ልጅቱ ለስንተኛ ጊዜ፣ «ዊል ማለት እዚያው አፍህ ላይ የመጣልህ ነው። ጎይንግ ቱ ግን ቀድመህ አስበህ የወሰንከው ነው።»

ባለቤታቸው ከወጥ ቤት ብቅ አለች። የወጥ ቤቱ በር የተገነጠለው ልጅቱ ገና ስትድህ ነው።

«ይሄን በር እጠግነዋለሁ ያልከኝ በየትኛው ነው?»

አቶ ይታያል እንቁላላቸውን ጎረሱ፤ አላምጠውም ዋጡ።

«በዊል» አሉ በመጨረሻ።

የፈተናው ቀን ሥራ አስኪያጁ በእንግሊዝኛ፣ «ማታ ምን ሊበሉ ነው?» ሲሉ ጠየቋቸው። አቶ ይታያል ሳያመነቱ «አይ አም ጎይንግ ቱ ኢት ኤግ» አሉ። ስለሚመጣው ጊዜ በዕድሜያቸው እርግጠኛ ሆነው የተናገሩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። ፈታኞቹ አጨበጨቡ። ሥራ አስኪያጁም ብድግ ብለው እጃቸውን ጨበጡና «ዊ ዊል ፕሮሞት ዩ» አሉ፤ እንሾምዎታለን ማለታቸው ነው።

አቶ ይታያል ደስታው እግራቸውን ከመሬት አንሥቶት ቤት ገቡ። ባለቤታቸው የፈተናውን ማለቅ አስባ ዓሣ አዘጋጅታለች። እናትና ልጅ ቀድመው ስሙን ጠርተው ድርሻቸውን አንሥተዋል፤ አማትየዋ ኬካቸውን ይዘዋል፤ ዋናው ዓሣ ጠረጴዛው መሐል ነበር።

«ሾሙኝ» አሉ ወንበር እየሳቡ።

«ምን ብለው?» አለች ልጅቱ።

«ዊ ዊል…»

«ዊል» መሆኑን ራሳቸው የሰሙት ገና አሁን ነበር። ልጅቱ አንገቷን ደፋች። አማትየዋ «ላም አለኝ በሰማይ» ብለው ጀመሩና፣ አሳዘኗቸው መሰለኝ፣ ሳይጨርሱት ወደ ሳህናቸው ተመለሱ።

አቶ ይታያል ቢያንስ በልቶ መተኛት ይሻላል ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ባለቤታቸው ግን ሕጉን ታስከብር ዘንድ የዓሣውን ስም እስኪጠሩ ጠበቀቻቸው። አፋቸውን ከፈቱ፤ ከ«ዊል» በቀር የሚመጣ ቃል ጠፋ። ደግመው ከፈቱት። እንቁላል እንኳ በዚያ ምሽት አልተቀቀለም።

«ለእኔስ?» አሉ በቀጭን ድምፅ።

ባለቤታቸው የዓሣውን ሳህን በቀስታ ወደ ራሷ ሳበችው።

«ይታያል» አለች።

እውነትም ከተቀመጡበት ሆነው ጭንቅላቱም፣ ጅራቱም፣ ሎሚውም ሳይቀር በደንብ ይታያቸው ነበር።