ኤፍራታ አደራ ያለችኝ ኮከብ

ትናንት በሕልሜ ያየሁትን ልንገራችሁና ፍረዱኝ። እንቅልፍ ያሳርፋል ይባላል፤ እኔ ግን ሙሉ ቀን ሲያሯሩጡት እንደዋሉት ሰው ወገቤ ተቆርጦ ነው የተነሳሁት።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ ላስረዳ፣ አለዚያ አሮጊቷ ለየላት ትላላችሁ። የልጄ ልጅ ኤፍራታ አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ፈተናውን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደው ነው የሚፈተኑት፣ ስልክ ይዞ መግባት ደግሞ ክልክል ነው። ስልኳን ለማን ትተው? ለእኔ። ስልኩ ውስጥ ጌም አለ። ጌሙ ውስጥ ሰማይ ላይ አንዲት ኮከብ አለቻት፣ የግሏ፣ ከምንም ተነስታ ያቀናቻት። ብረት ይቆፈርባታል፣ በብረቱ መርከብ ይሠራል፣ መርከቡ በሰማይ ይሄዳል። ሌላውም ሰው የየራሱ ኮከብ አለው፤ አንዱ ያንዱን ሲዘርፍ ይውላል። ሥራ ፈት ሁላ!

«እማዬ» አለችኝ ሻንጣዋን እየዘጋች፣ «እስካሁን ጀማሪ ናት ተብዬ ማንም አይነካኝም ነበር። አሁን ግን ከለላው ያልቃል። ልትተኚ ስትይ ይቺን ተጫኚና መርከቦቹን ራቅ አድርገሽ ላኪያቸው፣ ሌባ ቢመጣ ባዶ ያገኛል። ብረቱን አታጠራቅሚ፤ በየቀኑ ሥሪበት። መጀመሪያ የፀሐይ መብራቱን አሳድጊ፣ ከዚያ ማዕድኑን። መድፍ ምናምን አያስፈልገንም ገና። እና እማዬ…» ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «መርከቦቹ መቼ እንደሚመለሱ ለማንም እንዳትናገሪ። አደራ!»

«ለማን እናገራለሁ?» ብዬ ተቆጣሁ። አሁን እኔ ወሬ የማመላልስ ሴት ነኝ?

ለማንም አልተናገርኩም። ለአስካለ ብቻ ነው። አስካለ ደግሞ ማንም አይደለችም፣ ጎረቤቴ ናት። የእሷም የልጅ ልጅ፣ ያብስራ፣ ሊፈተን ሄዶ ስልኩን ጥሎባታል። አመሻሽ ላይ በአጥር ንፍሮ በሳህን ሳቀብላት «አሳዳጊ በደላቸው እነዚህ ልጆች» እየተባባልን፣ በዚያው ጨዋታ ጨዋታን አነሳውና ነገርኳት። ከዚያ ቤቴ ገባሁ፣ መርከቦቹን ላክሁ፣ ተኛሁ።

እናላችሁ በሕልሜ የኤፍራታን ዩኒፎርም ለብሻለሁ። ዚፑ አልዘጋ ብሎ በመርፌ ቁልፍ ይዤዋለሁ። ኮከቧ ላይ ነኝ፤ ኮከቧ ቁርጥ የእኛን ጓሮ ናት፣ የጎመን መደቤ ሳይቀር። ኤፍራታ የእኔን ነጠላ ደርባ፣ ከዘራዬን ይዛ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ወገቧን ታሻለች።

«ነይ እስቲ አንቺ ልጅ» አለችኝ። «ብረቱን ምን አደረግሽው?»

«አስቀምጬዋለሁ። ጎተራው ሙሉ ነው።»

«ማን አስቀምጪ አለሽ?»

«ለበዓል ይሆናል ብዬ ነዋ! የቤት ዕቃ እጅ እንደገባ ይበተናል እንዴ?»

«ወይ የዛሬ ልጆች!» አለችና ከዘራውን መሬት ላይ መታች። «በእኛ ጊዜ ታላቅ ‹ጨርሺ› ካለ ይጨረስ ነበር።»

መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት ፀሐይዋ ድርግም አለች። ቀና ብል አንድ ሰውዬ መሰላል ላይ ወጥቶ ፀሐይዋን እየፈታ ነው።

«አንተ! ምን እየሠራህ ነው?»

«ተራ ነው እናቴ። ዛሬ ፀሐይ በእናንተ በኩል የለም» አለኝ። «ደግሞ ማዕድኑን እንዲህ አሳድጋችሁ፣ ይቺን ሚጢጢ ፀሐይ ማን ይችላል አላችሁ?»

ማዕድኑ ጉድጓድ ይሄን ሲሰማ አፉን ከፍቶ «ራበኝ! መብራት ራበኝ!» እያለ ማልቀስ። ጎንበስ ብዬ እሽሩሩ እለዋለሁ፣ ጭራሽ ይብስበታል። ጉድጓድ አዝዬ ላባብል ነው እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ!

በዚህ መሃል በሩ ላይ ጫጫታ ሰማሁ። ስወጣ ሌቦች ተሰልፈዋል። ክራባት ያሰረ አለ፣ ልጅ የታቀፈች አለች። ቄቧ ዶሮዬ በር ላይ ቆማ መታወቂያቸውን ትፈትሻለች።

«እመቤት፣ እስከ መቼ ነው የምንቆመው?» አለኝ የፊተኛው ሌባ። «ሰዎች ሥራ አለን።»

«ሂዱ! ምንም የለም!»

«እንዴት ምንም የለም? መርከቦቹስ?»

«ልኬያቸዋለሁ።»

«ያሳዝናል» አለ ወደ ሰልፉ ዞሮ። «ይሄው ነው፣ ለተገልጋይ ክብር የሌለው ቤት።» ሌቦቹ ሁሉ አጉረመረሙ። ዶሮዋም እኔን ገልመጥ አደረገችኝ፤ ጥሬ ስበትን የኖርኩላት ዶሮ!

ቀጥሎ ከላይ እየተሽከረከረች አንዲት ሳህን መጣች። ሳህኗን አወቅኋት። የራሴ ናት፤ ያቺ ጠርዟ ሰማያዊ፣ ጫፏ ላይ ቀለሟ የተላጠ፣ ንፍሮ ሞልቼ ለአስካለ ያቀበልኳት። ጭራሽ የአስካለን ቡናማ ሹራብ ደርባለች።

«ልሰልል ነው የመጣሁት» አለች ሳህኗ። «አትድከሚ፣ አልቀመጥም። ዞር ዞር ብዬ አይቼ እሄዳለሁ።»

«ደግሞ ቤቴ መጥቶ የሚቆም! ተቀመጪ» አልኳት። ከተቀመጠች በኋላ ደግሞ ዝም ብሎ መተያየት ነውር አይደል? «ያ የምታይው ጎተራ እስከ አፉ ብረት ነው» አልኳት።

«አልጠየቅሁሽም።»

«በሩ በደንብ አይገጥምም። በጓሮ በኩል ገፋ ሲያደርጉት ይከፈታል።»

«ኧረ በቃኝ! እኔ ተደብቄ ነው ማየት ያለብኝ። እንጀራዬን አትዝጊብኝ!»

«መርከቦቹ ደግሞ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚመለሱት። በዚህ በጎመኑ በኩል። ለማንም እንዳትናገሪ ታዲያ።»

ሳህኗ ጆሮዋን ይዛ እየጮኸች በረረች። ጆሮ ከየት አመጣች አትበሉኝ፣ ሕልም ነው።

ወዲያው ደወል ተደወለና ጓሮው የፈተና ክፍል ሆነ። ፈታኙ መነጽር ያደረገ በግ ነው። ወረቀት ሰጠኝ። እኔ ከፊደል ገበታ አልፌ አላውቅም፤ ግን አነበብኩት። ‹ሲተኙ መርከብዎን የት ያስቀምጣሉ?› ይላል። ይቺን እንኳ አውቃታለሁ ብዬ ደስ አለኝ። ገለበጥኩት። ‹ለማን ነገሩ?› ይላል።

«ይሄኛው ትምህርት ቤት አልተሰጠም!» አልኩ።

«ይመልሱ እማማ ብርቄ» አለኝ በጉ እያመሰኳ። «ሰዓት አልቋል።»

ያን ጊዜ ጎሕ ቀደደ። መርከቦቹ በጎመኑ በኩል ብቅ አሉ፣ ደክሟቸው፣ ላብ በላብ ሆነው። ሌቦቹ ሰልፋቸውን በትነው፣ ሙሽራ እንደሚቀበል ዘመድ እልልታቸውን እያቀለጡ ጠበቋቸው። ኤፍራታ ከበርጩማዋ ተነሳች። አሁን አሮጊት አትመስልም፣ ፊቷ የራሷ ሆኗል።

«ማነው የነገራቸው?» አለች።

ዶሮዋ ወደ እኔ። በጉ ወደ እኔ። ጉድጓዱ እንኳ ልቅሶውን አቋርጦ ወደ እኔ። «ልጄ እኔ እኮ…» ልላት ስል፣ ያ ስፈልገውም ሳልፈልገውም የሚከፈት አፌ፣ አልከፈት አለ።

በርግጌ ተነሳሁ። ነግቷል። ስልኩ ትራሴ ሥር ይንጫጫል። ብከፍተው ቀይ በቀይ ነው። ጎተራው ተጠርጓል። መርከቦቹ ሲመለሱ ተጠብቀው ተመትተዋል፣ አንዲት ትንሿ ብቻ ቀርታለች። ከሥር የዘራፊው ስም ተጽፏል፤ ፊደል ቆጥሬ ቆጥሬ አነበብኩት፣ ‹አራስ ነብር› ይላል። ኤፍራታ ደግሞ ነገ ትመጣለች።

ራሴን ይዤ ቁጭ እንዳልኩ በሩ ተንኳኳ። አስካለ ናት፣ በቡናማ ሹራቧ። ባንድ እጇ ሳህኔን ይዛለች፤ ባዶዋን መመለስ አፍራ ትኩስ ዳቦ አድርጋበታለች። በሌላው እጇ የያብስራን ስልክ።

ሳህኗን አየሁ። ስልኩን አየሁ።

«አስካለ፣ አራስ ነብር አንቺ ነሽ?»

«እኔ ምኑን አውቄ!» አለች እየገባች። «ስሙን ያብስራ ነው ያወጣው። ‹ከጎረቤት ጎተራው የሞላ ካገኘሽ፣ መርከቡ ሲመለስ ጠብቀሽ ይቺን ተጫኚ፣ አደራ› ብሎኝ ሄደ። የልጅ አደራ ልብላ እንዴ ብርቄ?» ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ጉልበቷን እያሻሸች። «ለመሆኑ ያቺ የተረፈችው ትንሿስ፣ ዛሬ መቼ ነው የምትመለሰው?»