የመሐል ሜዳው ቀይ ባሕር

ሰው አደራ ከመቀበሉ በፊት አደራው ነፍስ እንዳለውና እንደሌለው ቢጠይቅ መልካም ነው። በግ ቢሆን ግድ የለም፤ መሐል ሜዳ ላይ በግ መጠበቅ የማያውቅ ማን አለ? እኔ ግን የተቀበልኩት ባሕር ነው።

የባለቤቴ ወንድም የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። ሌላው ሾፌር ቴምርና ሩዝ ይዞ ሲገባ፣ እሱ የመስታወት ገንዳ ከነጨው ውሃው፣ ኮራል የሚባሉ እንደ አበባ የሚከፈቱ የባሕር ፍጥረቶችና ብርቱካናማ ዓሦች ይዞ ከች አለ። ቤቴ እስኪያልቅ ነው፣ ለመስቀል መጥቼ እወስዳቸዋለሁ፣ እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቅልኝ ብሎኝ ሄደ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ! መብራት በጠፋ ቁጥር ብርዱ እንዳይገድላቸው የገዛ የሱፍ ባናዬን ለገንዳው አለበስኩ። ወድጃቸውም ነበር፤ ምን ይደበቃል።

ታዲያ ፍልሰታ ሲገባ ኮራሎቹ ላይ ልጋግ ታየ። ቡናማ፣ ዝልግልግ ያለ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ልጋግ። ጠረግሁት፤ በማግስቱ ተመለሰ። ጨው በዝቶ ይሆናል ብዬ ቀነስኩ። ሾፌሩን በስልክ ብጠይቀው ብርሃን በዝቶ ይሆናል አለኝ። የነሐሴ ፀሐይ መንዝ ላይ መች ወጥታ ነው የምትበዛው? ቢሆንም ሸፈንኩት። አንዱ ኮራል ነጣ፣ አንዱ ዓሣ ጥግ ይዞ አፉን ይከፍት ጀመር።

ፍልሰታ ሲፈታ ልጋጉ ቀነሰ፤ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ይታይ ጀመር። ልጋግ እንዴት ቀን ይመርጣል? ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር። ረቡዕ ከሥራ ቀርቼ በሩ ጀርባ ቆምኩ። በዘጠኝ ሰዓት አብረውን የሚኖሩት አማቴ እማማ የሺ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ፤ እጃቸውን ታጠቡ፣ አማተቡና ገንዳው ውስጥ እፍኝ በሶ በተኑ።

ምነው እማማ ብላቸው አላፈሩም። የዓሦቹ ምግብ ከሌላ ዓሣ የተፈጨ መሆኑን ከሾፌሩ ልጃቸው ሰምተዋል። "እኔ ባለሁበት ቤት በጾም ቀን ፍስክ የሚቀምስ ነፍስ የለም" አሉኝ።

ይገላግሉኛል ብዬ የንስሐ አባታችንን ጠራሁ። አማቴ ግን ቀደሟቸው፤ በነነዌ ከብቱም ጾሟል ብለው ጠቀሱ። ዮናስን የዋጠው ዓሣስ ቢሆን ሦስት ቀን ሙሉ ሆዱ አስቀምጦት መች አላመጠው አሉ። የንስሐ አባታችን ጢማቸውን እየዳበሱ ብዙ አሰቡ። መጨረሻ ላይ ፈረዱ፦ ዓሦቹ ይጹሙ፤ ነገር ግን የነነዌ ከብት ምንም አልቀመሰምና እነሱም ቀኑን ሙሉ ምንም አይቅመሱ፣ በሶም ቢሆን።

አማቴ ተቀበሉ። ልጋጉ ጠፋ፣ ያ ዓሣም ጥጉን ለቀቀ፤ የነጣው ኮራል ግን እንደነጣ ቀረ። ሾፌሩ ለመስቀል መጥቶ አይቶ አመሰገነኝ፤ ቤቱ ስላላለቀ እዚሁ ይቆዩልኝ አለ።

ይኸው ዛሬም አሉ። ዓርብ ረፋድ ላይ ሞርሙሮኝ ወደ ጓዳ ገባ ስል አማቴ እኔን ክፉ አይናገሩኝም። ወደ ገንዳው ዞር ይሉና፣ እኔ እስክሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "በርቱ ልጆቼ" ይላሉ፤ "ስንቱ ክርስትና የተነሣ ያቃተውን እናንተ ቻላችሁት።"