ፖም በዋልካ ላይ

የያዘውን የማይለቅ ሰው በየመንደሩ አንድ አይጠፋም። ለደብረ ማርቆስ የደረሷት አቶ እንዳላማው ናቸው፤ የአውራጃው መዝገብ ቤት ጸሐፊ፣ የፖም ደጃዝማች። ማዕረጉን የሰጠቻቸው ሚስታቸው ስሜነሽ ናት፣ የጎመን መደቧን የወሰዱባት ዕለት።

በ1955 ዓ.ም. አንድ ፈረንጅ አስተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ ችግኙን ተወላቸው። ጎመኑን ነቅለው ተከሉት።

"ይህ እኮ ዋልካ ነው" አለች ስሜነሽ። "ክረምት ይጨቀያል፣ በጋ ይሰነጠቃል።"

"ፖም ብርድ ይወዳል።"

"ብርዱን ይውደድ፤ ጭቃውንስ?"

"ይለምዳል!"

አልለመደም። በመጀመሪያው ክረምት ሥሩ ሊበሰብስ ደረሰ። አቶ እንዳላማው ከኮረብታው ቀይ አፈር በአህያ አስመጡ፤ ፍግና አመድ ቀላቀሉበት፤ ዙሪያውን ድንጋይ ደርድረው ቁልል ሠሩና ችግኙን እላዩ ላይ አዛወሩት። ቁልሉ የተጋደመ ሰው ያህል ይረዝማል። ከአምበር ለገበያ የመጣች ሴት በአጥሩ አሻግራ አይታ ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

"እኔን! ማን ነው ያረፈው?"

"ጎመኔ ናት፣ እህቴ" አለች ስሜነሽ። "ነፍስ ይማር በይልኝ።"

በሦስተኛው ዓመት ፍየል ቅርፊቱን ላጠው፤ በእበት ለቅልቀው በጨርቅ አሰሩት። በአራተኛው አበባውን በረዶ አረገፈው። ጎረቤታቸው ባምላኩ ባለፈ ቁጥር "ጋሼ፣ ፖሙ ደረሰ ወይ?" ይላል። እሳቸውም ሳይቀየሙ፣ "ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው።"

ስሜነሽ ቁርጡን ተናገረች። "ለነሐሴ ሚካኤል ማኅበሩ እኛ ቤት ነው። ያን ቀን ሰው የሚበላው ፍሬ ካልሰጠ በመጥረቢያ እጥለዋለሁ።"

"ተስማምቻለሁ" አሉ፤ ጽፈውም ፈረሙላት።

ዛፉ ሰባት ፍሬ ያዘ። በቀኑ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ቄስ ገብረ ማርያም ባርከው አንዱን ገመጡ። አንድ ዓይናቸው ተጨፈነ። ቆይቶ ሁለተኛውም።

"ጾሙ ይሻላል" አሉ።

ባምላኩ ሳቁ አምልጦት ወደ ደጅ ወጣ። አቶ እንዳላማው ሌላ ፍሬ አንስተው፣ እንባቸው እየወረደ፣ እስከ ዘሩ ጨረሱት። "ደኅና ነው።"

ስሜነሽ መጥረቢያውን ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች። ተከተሏት።

"ይቀቀላል" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ምኑ?"

"ይህ ዓይነቱ ፖም በስሎ ነው የሚበላ። ፈረንጁ ነግሮኝ ነበር።"

"አምስት ዓመት ሙሉ ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"ፍሬ መቀቀል የበሽተኛ ነገር ሆነብኝ። ሰው ይስቅብኛል ብዬ ነው።"

ስሜነሽ ሰው ያልሳቀባቸውን ቀን ለማስታወስ ሞከረች። አልመጣላትም።

መጥረቢያውን ጥላ ገባች። ሽንኩርት አቁላላች፣ በርበሬ ጨመረች፣ የቀሩትን አምስት ፍሬዎች ከትፋ ከተተች። ወጡ ቀርቦ ብዙም ሳይቆይ ማኅበርተኛው ድስቱን ይጠርግ ጀመር። ባምላኩ አፉን ሞልቶ፣

"እትዬ፣ እርስዎ ባይኖሩ እኮ ጋሼ ዛሬ መሳቂያ ሆነው ቀርተው ነበር!"

ስሜነሽ ሳህኑን ከፊቱ አነሣች።

"በእሳቸው መሳቅ ለእኔ ብቻ ነው የተፈቀደው" አለችው። "አንተ ዝም ብለህ የምትበላ ከሆነ እመልስልሃለሁ።"