ሰማይን ለማየት ስለመፍቀድ የተደረገ አስቸኳይ ስብሰባ

የስብሰባው ቀን፦ ቅዳሜ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ሐረማያ ሐይቅ ዳር፣ ግራሩ ሥር (ጥላው ሲዞር ስብሰባውም አብሮ ዞሯል)
የተጀመረበት ሰዓት፦ 4፡00 ተብሎ፣ 5፡00 ላይ

የተገኙ አባላት፦
አቶ እንደሻው፣ ሰብሳቢ። ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው፤ ዛሬም ሲናገሩ ጠመኔ የያዙ ይመስል ጣታቸውን ያሻሉ።
ሐጂ ዓሊዪ፣ ምክትል ሰብሳቢ። በሐረሩ ገበያ በጊደር መጋላ የግመል ሥጋ ይሸጣሉ።
ወይዘሮ ገላነሽ፣ ዕቃ ያዥ። የቴሌስኮፑ ሣጥን ቁልፍ አንገታቸው ላይ ነው።
አቶ ዘውዴ፣ አባል። በጀርባቸው ተንጋለው እንቅልፍ ላይ ናቸው። ያለ እሳቸው ምልአተ ጉባኤ ስለማይሟላ እንደ ተገኙ ተቆጥረዋል።
ብሌን፣ ጸሐፊ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። የተመረጠችው ጽሕፈቷ አምሮ ሳይሆን የሌሎቹ የማይነበብ ሆኖ ነው።

አጀንዳ 1፦ የጠዋቱን ቆጠራ ስለማጽደቅ

ሰብሳቢው ስብሰባውን ሲከፍቱ፣ ከሰሜን አገር ብርዱን ሸሽተው በሐይቁ ላይ የሚያልፉትን ንስሮችና ጭልፊቶች ቆጥሮ እስከ ዛሬ ማታ ለአዲስ አበባው አስተባባሪ ያላሳወቀ ጣቢያ እንደሚሰረዝ፣ ቴሌስኮፑም ተመላሽ እንደሚሆን አስታወሱ። ጸሐፊዋ ይህን ጽፋ ከሥሩ አስምራበታለች። ቴሌስኮፑ ከሄደ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት የሚያስወጣት ምክንያት አብሮ ይሄዳል።

ቀጥሎ ጸሐፊዋ የጠዋቱን ውጤት በኩራት አቀረበች፦ ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ ሁሉም ጭላት። ለራሷም አጨበጨበች።

ወይዘሮ ገላነሽ፣ እስካሁን በቀን አምስት ወፍ ማሳየት ይከብደው የነበረ ሰማይ ዛሬ ምን ነካው ሲሉ ጠየቁ። ሐጂ ዓሊዪ ምስጢሩ መስተንግዶ ነው ብለው መለሱ። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ሐረርን በባዶ ሆዱ ካለፈ ወላሂ ነውር ስለሆነ፣ ግማሽ ማዳበሪያ የግመል ሥጋ ቁርጥራጭ ከጊደር መጋላ በሚኒባስ ጣሪያ ጭነው ሐይቁ ዳር መበተናቸውን አስረዱ።

ማብራሪያው ሳያልቅ አንዲት ጭላት ወርዳ ከፊታቸው ቁራጭ ሥጋ ነጥቃ ሄደች። ሐጂ ትክ ብለው አይዋት። «ይቺ እኮ ደንበኛዬ ናት! ጅራቷ በግራ በኩል የተሰበረው። በየቀኑ ከሱቄ ጣሪያ ላይ ድርሻዋን ትወስዳለች» አሉ። ወዲያው ሌላዋንም አወቋት፤ ሦስተኛዋን በባሕርይዋ ለዩዋት።

በዚህ መሠረት የተቆጠሩት አላፊ ወፎች ሳይሆኑ ሥጋውን ተከትለው ሐረማያ የገቡ የጊደር መጋላ ጭላቶች መሆናቸው ተረጋገጠ። ጸሐፊዋም በሚኒባሱ መስኮት እያየቻቸው «ዛሬስ ዕድለኞች ነን» ማለቷ በወይዘሮ ገላነሽ ጥያቄ ተመዝግቧል።

ጸሐፊዋ፣ ጭላቶቹ ከቤታቸው ወጥተው ሌላ ወረዳ ስለገቡ አላፊ ሊባሉ ይገባል የሚል ሐሳብ አቀረበች። ሰብሳቢው «አንቺም ከሐረር ፈላና በር ነው የመጣሽው፤ እንቁጠርሽ?» ብለዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ግን ጣቢያው ከሚሰረዝ ቁጥሩ ይጽደቅ የሚለው ሐሳብ በሦስት ድጋፍ አለፈ። ሰብሳቢውና ወይዘሮ ገላነሽ ድምፅ አልሰጡም። ሦስተኛው ድምፅ አቶ ዘውዴን ቀስቅሶ የተገኘ ነው።

አጀንዳ 2፦ ቀና ብሎ ስለማየት (በድንገት የተያዘ)

አቶ ዘውዴ እንደ ተንጋለሉ ዓይናቸውን ገልጠው «እደግፋለሁ» ካሉ በኋላ፣ «ያ ሁሉ ንስር ግን ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ መሆኑን ገለጹ። ሐጂ አጀንዳ ይያዝለት አሉ። ተያዘለት።

ወይዘሮ ገላነሽ ቴሌስኮፑ ያለ ፊርማ ከሣጥን እንደማይወጣ፣ ቸኮላችሁ ተብሎም ሕግ እንደማይጣስ፣ ሰማዩም የትም እንደማይሄድ አሳሰቡ። ሰብሳቢው «ሰማዩማ አይሄድም፣ ገላነሽ፤ የሚሄዱት ንስሮቹ ናቸው» አሉ። ይህን ያሉት እስክሪብቶ እየፈለጉ ነው። እስክሪብቶው ጸሐፊዋ ጋ ነበር። ጸሐፊዋም ንግግራቸውን እየጻፈችበት ስለነበር ልትሰጥ አልቻለችም።

ጸሐፊዋ ተነሥታ ለመቁጠር ፈቃድ ብትጠይቅም ቃለ ጉባኤ አይቋረጥም ተብላ ተቀመጠች። የንስሮቹ ጥላ በወረቀቷ ላይ ሲያልፍ አይታለች፤ ጥላ ይቆጠር አይቆጠር ግን አልተወሰነም።

ከሰፊ ክርክር በኋላ አባላት ሁሉ ቀና ብለው እንዲያዩ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ቀና አሉ። ሰማዩ ላይ ሥጋ የያዘች አንዲት ጭላት ነበረች። ሐጂ በስም ጠሯት።

አጀንዳ 3፦ ምን እንላክ?

አቶ ዘውዴ ስንት ንስር እንዳዩ ተጠይቀው፣ ብዙ መሆኑን፣ ከዚያ በላይ ግን ገና እንዳልነቁ ተናገሩ። ሐጂ ቁጥሩን አላህ ያውቀዋል አሉ። ወይዘሮ ገላነሽ አላህ ፊርማ እንደማይልክ አስታወሱ።

ጸሐፊዋ «ጋሼ፣ ቁጥር ቁጥር ነው። ሁለት መቶ አሥራ አራቱን ይዘን ስሙን ብቻ ንስር ብንለውስ?» ስትል ጠየቀች። ሰብሳቢው ጣታቸውን ለረጅም ጊዜ አሹ። ከዚያም «ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ ሲኮርጅ ስይዝ ኖሬ፣ ዛሬ ከጭላት ልኮርጅ?» አሉ። ይህን ጣቢያ ለማስከፈት ስንት ቢሮ ደጅ እንደ ጠኑ ሁሉም ያውቃል። አቶ ዘውዴ እንኳ ተነሥተው ተቀመጡ።

በመጨረሻም ከላይ የተወሰነው ሁሉ፣ ቀና ብሎ ማየትን የሚፈቅደው ጭምር፣ እንዲሻር ተወሰነ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ሪፖርት ቃል በቃል ይህ ነው፦ «ዛሬ ብዙ ንስሮች አልፈዋል። አልቆጠርናቸውም፤ ስብሰባ ላይ ነበርን።»

ውሳኔውን የተቃወመችው ጸሐፊዋ ብቻ ናት። ተቃውሞዋም ከተሻሩት ጋር ተሽሯል። ባትሪ ያለው ስልክ የእሷ ብቻ ስለሆነም መልእክቱን እንድትልክ ታዘዘች።

ስብሰባው 7፡00 ሰዓት ላይ ተበትኗል። ጸሐፊዋ ከግራሩ ሥር የተነሣችው የመጨረሻዋ ሆና ነው። መልእክቱን ቃል በቃል ልካዋለች።