የሊቁ ጊታር ጩኸት

(ከአንድ አዳራሽ ጀርባ ያለች የልምምድ ክፍል። አንድ ወንበር፣ አንድ ሶኬት፣ ቁም ሳጥን የሚያክል ድምፅ ማጉያ። ጊታር መቺው «ሊቁ» ይባላል፤ ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። ከበሮ መቺው የእህቱ ባል ነው፤ ቃል ከአፉ እስኪወጣ ሰው ስለሚሰለች «ረጉ» ይሉታል።)

ሊቁ፦ (በሩ አጠገብ ወለሉን በጫማው ጫፍ እየነካ) ይሄን የጠመኔ ክብ ማነው ያሰመረው?

ረጉ፦ እኔ ነኝ ጋሼ።

ሊቁ፦ ምን ልታደርገው? ሰኞ ማክሰኞ ልትጫወት?

ረጉ፦ አይ፣ አንተ እንድትቆምበት ብዬ...

ሊቁ፦ እኔ? እዚህ? የኔ ቦታ ድምፅ ማጉያው ፊት ነው። ራሴን አጥርቼ የምሰማው እዚያ ነው።

ረጉ፦ እሱን እኮ ነው የምልህ። እዚያ ስትቆም ነው ጊታሩ...

ሊቁ፦ አንተ ደግሞ ስለ ጊታር ልታወራ! ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ! (ክቡን በጫማው ጠርጎ ያጠፋዋል።)

(ረጉ ዝም አለ። ተስማምቶ እንዳይመስላችሁ፤ ቀጣዩን ቃል እየፈለገ ነው። ባለፈው አርብ ጊታሩ በዘፈኑ መሃል እሪ ብሎ ሰዉ ጆሮውን ይዞ ወጥቷል። የአዳራሹ ኃላፊ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥታ ልትሰማቸው ነው። ዳግመኛ ከጮኸ የአርቡን ዝግጅት የሚወስደው አንድ ባለ ኪቦርድ ነው። የሰውዬው ኪቦርድ ደግሞ ከበሮውንም ራሱ ይመታል! ረጉን እንቅልፍ የነሳው ይሄ ነው።)

ረጉ፦ ጋሼ፣ ትናንት ጊታሩን እንዳነገትክ በሩን ልትዘጋ ስትሄድ ጩኸቱ ቆመ። ለምንድን ነው?

ሊቁ፦ አጋጣሚ!

ረጉ፦ ከትናንት ወዲያም ቆሞ ነበር።

ሊቁ፦ እሱም አጋጣሚ! ስማኝ፣ ይቺ ከክሮቹ ሥር ያለችው ጥቁር ነገር ፒክአፕ ትባላለች። የክሩን ድምፅ የምትለቅመው እሷ ናት። ሆዷ ውስጥ ስንት ሺህ ዙር የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ አለ። ሽቦው ሲላላ ይንቀጠቀጣል፤ ሲንቀጠቀጥ ይጮኻል። መድኃኒቱ የቀለጠ ሰም ውስጥ መንከር ነው። ገባህ?

ረጉ፦ ገባኝ። ሽቦውን ግን የሚያንቀጠቅጠው ምንድን ነው?

ሊቁ፦ (ከኪሱ ሻማ እያወጣ) ምድጃውን አምጣ!

(ረጉ ከቤት ይዞት የመጣውን የኤሌክትሪክ ምድጃ አወጣ። ሶኬቱ አንድ ነው። የድምፅ ማጉያውን ነቅሎ ምድጃውን ሰካ። ሊቁ አላየውም፤ መስኮቱ መስታወት ላይ ፀጉሩን እያበጠረ ነበር።)

ሊቁ፦ (ሻማ እየሰባበረ ድስት ውስጥ ይጨምራል) እይ! ይሄ ሙያ ይባላል። ከበሮ መደብደብ አይደለም።

ረጉ፦ ጋሼ፣ ይቺ እኮ የእህትህ የወተት ድስት ናት። ምን ትለኛለች?

ሊቁ፦ እህቴ ከዚህ የባሰ ችላለች። አንተን አግብታ የለ?

(ሊቁ ፒክአፗን ከጊታሩ ፈትቶ፣ በሽቦዋ አንጠልጥሎ ሰሙ ውስጥ ነከራት፤ አውጥቶ እፍ እፍ እያለ አበረዳት፤ መልሶ በብሎን አሰራት። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ ማጉያው ፊት ቆመና የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞረው። ክፍሉ ጭጭ አለ።)

ሊቁ፦ ሰማህ?

ረጉ፦ ምንም አልሰማሁም።

ሊቁ፦ እሱን ነዋ ስማ የምልህ! ጩኸት የለም! ድምጥማጡ ጠፋ!

ረጉ፦ ጋሼ፣ እሱ እኮ...

ሊቁ፦ አታበላሽብኝ! እንዲህ ያለ ዝምታ በዕድሜህ ሰምተህ አታውቅም።

ረጉ፦ ኧረ ሶኬቱ...

ሊቁ፦ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም!

(ረጉ አፉን ዘጋ። የማጉያው ገመድ እጁ ላይ ነው። በሩ ተንኳኳና ኃላፊዋ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ገባች።)

ሊቁ፦ እንኳን ደህና መጡ እትዬ! ጩኸቱን ገድዬ ቀብሬዋለሁ።

ኃላፊዋ፦ እስቲ ይምቱት።

(ሊቁ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ሰብሮ መታ። ክሮቹ እንደ ላስቲክ ጠብ ጠብ አሉ።)

ኃላፊዋ፦ ምንም አልተሰማኝም።

ሊቁ፦ ረቂቅ ነው እትዬ። ጆሮ ይፈልጋል።

ኃላፊዋ፦ ጆሮስ ነበረኝ። አርብ ዕለት ሊያደነቁሩኝ ምን ቀረዎት?

ረጉ፦ (ገመዱን ከፍ አድርጎ) ማጉያው ተነቅሎ ነው እትዬ። ለምድጃው ብዬ የነቀልኩት እኔ ነኝ።

ሊቁ፦ ምን? ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

ረጉ፦ ዝንብ እንዳይገባ።

(ምድጃውን ነቅሎ ማጉያውን ሰካ። ጊታሩ እሪሪሪ አለ! ኃላፊዋ ጆሮዋን ይዛ ወደ በሩ ዞረች። ረጉ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጠነ። ከበሮውን ዘሎ፣ ሊቁን ከነጊታሩ አቅፎ አነሳውና በሩ አጠገብ፣ ክቡ ከነበረበት ላይ ተከለው። ጩኸቱ ቀጥ አለ።)

ሊቁ፦ (ሸሚዙን እያስተካከለ) አያችሁ? ሰሙ አሁን መሥራት ጀመረ!

ኃላፊዋ፦ ይሁን። እስቲ ወደ ማጉያው ጠጋ ይበሉ።

(ሊቁ ተራመደ። እሪሪሪ!)

ኃላፊዋ፦ ይመለሱ።

(ተመለሰ። ጭጭ። መታው፤ ዜማው ጥርት ብሎ ወጣ። ሰውዬው መምታትስ ይችላል፤ ችግሩ ራሱን ለመስማት ያለው ጉጉት ነው።)

ኃላፊዋ፦ (ለረጉ) ይሄን መቼ ነው ያወቁት?

ረጉ፦ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ጊታሩ የሚጮኸው ከማጉያው የሚወጣውን ድምፅ መልሶ ሲለቅም ነው። በአፌ አልሆንልህ ቢለኝ ጠመኔ ገዛሁ።

ኃላፊዋ፦ እንግዲያው አርብ ኑ። እርስዎ ጠመኔዎን እንዳይረሱ። (ለሊቁ) እርስዎ ደግሞ ከክቡ አንድ እግር ቢያወጡ ባለ ኪቦርዱን እጠራለሁ። (ወጣች።)

ሊቁ፦ በር ላይ! እኔን የሚያህል ሰው በር ላይ! ዘበኛ አደረጋችሁኝ?

ረጉ፦ (ጎንበስ ብሎ ክቡን እንደገና እያሰመረ፣ ቀስ ብሎ) ኧረ ጋሼ! ዘበኛ እንኳ የሚጮኸው ሌባ ሲያይ ነው።