ስሙን ብቻ የሚያዋጣው ልጅ

ደቦ ሲጠራ ማጭድ ሳይዝ መጥቶ፣ ጠላው ሲቀዳ ከፊት የሚቀመጥ ሰው አታውቁም? እኔ አውቃለሁ። ደሳለኝ ይባላል፤ ፍኖተ ሰላም ከልጄ ጋር አሥረኛ ክፍል ይማራል።

ለአምስት የቡድን ሥራ ሲሰጣቸው ልጄ ብቻዋን ትሠራለች፣ እሱ ስሙን ያዋጣል። ስም መቼም ወገብ አያጎብጥ! ያውም "እህቴ፣ ከላይ አድርጊው እንጂ!" ይላል።

አንድ ቀን የሒሳብ መምህሩ ወረቀቱን አዩና፣ "ከላይ የተጻፈው ወጥቶ ያስረዳን፤ የሱ ውጤት የሁላችሁም ነው" አሉ። ደሳለኝ ሰሌዳው ፊት ላቡን ጠረገ። አምስቱም ዜሮ!

ልጄ እያለቀሰች መጣች።

"እማዬ፣ የሱ ጥፋት ነው!"

"ብቻሽን ማጨድሽስ የማን ጥፋት ነው?" አልኋት።

መምህሩ በሳምንቱ ሊደግሙላቸው ስለፈቀዱ አምስቱንም ቤቴ ጠራሁ። ሟቹ ባለቤቴም መምህር ነበር፤ ትቶት የሄደውን ጠመኔ እስከዚያ ቀን ማንም አልነካውም። ለደሳለኝ ሰጠሁት።

"እትዬ፣ እኔ አልችልም።"

"እስክትችል አትቀመጥም፣ ልጄ።"

ልጄ እያስረዳችው፣ እሱ በሬ ላይ እየጻፈ እያጠፋ ሳምንቱ አለቀ። አምስቱም አለፉ።

ዛሬ ደሳለኝ "ስሜን ከታች ጻፉት" ይላል። ጠመኔው አልቋል፤ ሌላ ገዛሁ።