የመምህር ላምቤቦ የጭነት መኪና

ለልጁ ብሎ ለራሱ መጫወቻ የሚገዛ አባት ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኔ ጎረቤት እንዲህ ነው። መምህር ላምቤቦ ለሰባት ዓመት ሴት ልጁ በሪሞት የሚነዳ የጭነት መኪና ሊመርጥ ሲሄድ፣ ከሆሳዕና መናኸሪያ የአይሱዙ ሾፌር አስከትሎ ነበር፤ እኔንም ለምስክርነት።

ሱቅ ስንደርስ ሾፌሩ እንደ ልማዱ ጎማዋን በእግሩ ቢመታት፣ መኪናዋ ተስፈንጥራ መደርደሪያ ሥር ገባች።

“አልተሰበረችም፤ ጠንካራ ናት” አለ ኮስተር ብሎ። “የጊምቢቹን ዳገት ግን እንጃ።”

መምህሩ ጥንካሬዋን አላመነም። ድንች አስመጥቶ ጫነባት። ድንቿን ተሸክማ ሱቁን ስትዞር አጨበጨብን፤ ተገዛች።

ቤት ስንደርስ ጎረቤት ተጠርቶ፣ እንደ ማንኛውም አዲስ መኪና ተጸለየላት። እኔም “አሜን” ብያለሁ፤ ምን ላድርግ?

ይሄኔ ልጅቷ እጇን ዘረጋች። “አባዬ፣ አሁን ልንዳት?”

መምህር ላምቤቦ ሪሞቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ በድንጋጤ አያት።

“ያለ መንጃ ፈቃድ?”